ቀዩን መብራት ያለፈ ድምፅ

ባለፈው ክረምት ቢሮ ውስጥ የጆሮ ማዳመጫዬ ገመድ ከላፕቶፑ ሾልኮ ወጣና የማዳምጠው ነገር ክፍሉን ሞላው። ሁሉም ከየስክሪኑ ቀና አለ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ከልቡ አዝኖልኝ፣ "ስፒከርህ ተቃጠለ እንዴ?" አለኝ።

አልተቃጠለም። ሲጫወት የነበረው ባድ ብሬይንስ የሚባለው የዋሽንግተን ባንድ በ1982 ያወጣው ካሴት ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። "ዘፈኑ ነው" ብዬ ገመዱን መለስኩት። ልጁ ሳቀ። እኔን ግን ጥያቄው ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም፤ ምክንያቱም ልጁ በደንብ ሰምቷል። እዚያ ካሴት ላይ የሆነ ነገር በእርግጥ ተቃጥሏል። ምን እንደተቃጠለ፣ ሰውስ ይህን የተቃጠለ ነገር ከአርባ ዓመት በላይ እንደ ውድ ዕቃ ለምን እንደሚጠብቀው ነው ያልገባኝ። ይህ ጽሑፍ እሱን ለመረዳት የሞከርኩበት ነው።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። የሙዚቃ ሰው አይደለሁም። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ አሁን ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ "ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ" ስንማር ዓለም ለሁለት ተከፍላ ነው የቀረበችልን፤ የምትፈልገው ነገር ሲግናል ነው፣ የማትፈልገው ኖይዝ ነው። የመሐንዲስ ሥራ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ላይ ማጽዳት ነው። ለዓመታት ይህን ያለ ጥርጥር አምኜ ኖሬያለሁ። ሃርድኮር ፓንክ ነው መጀመሪያ ያስጠረጠረኝ። ከዚያ በኋላ ያስጠረጠረኝ ደግሞ የራሴ ጥፋት ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

*

ለማያውቀው፦ ፓንክ በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒው ዮርክና ለንደን ላይ ስሙን ያገኘ ሙዚቃ ነው። ሃርድኮር ደግሞ ወደ 1980 ገደማ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ላይ የተነሣ አሜሪካዊ ታናሽ ወንድሙ ነው። ከታላቁ ይፈጥናል፣ ያጥራል፣ ይናደዳል። አንድ ዘፈን ከሁለት ደቂቃ በታች ማለቁ የተለመደ ነው። መጀመሪያ ሲሰሙት ብዙዎች የሚሉት አንድ ነው፤ "ጩኸት ብቻ!"

እስቲ ጩኸት ምን እንደሆነ እንይ። ማንኛውም ማጉያ መሸከም የሚችለው ልክ አለው። ከልኩ በላይ ስትሰጡት የድምፁ ሞገድ ጫፉ ላይ ይቆረጣል፤ ክብ የነበረው አናት እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ይሆናል። መቅጃው ላይ ቀይ መብራት የሚበራው ያኔ ነው። ይህን የተቆረጠ ሞገድ በሒሳብ ስትተነትኑት ግን የሚገርም ነገር ታገኛላችሁ። የጎደለ ብቻ ሳይሆን አዲስ የተወለደም አለ። ከመነሻው ድምፅ ሦስት እጥፍ፣ አምስት እጥፍ፣ ሰባት እጥፍ የሚፈጥኑ ቀጫጭን ድምፆች፣ ማንም ሳይጫወታቸው፣ በላዩ ላይ ይደረባሉ።

አሁን ደግሞ ሰውን አስቡ። ሰው ሲያንሾካሹክና ሲጮህ ልዩነቱ የመጠን ብቻ አይደለም። ሲጮህ የድምፁ ቅርጽ ራሱ ይለወጣል፤ ከላይ ያሉት ቀጫጭኖቹ ይበረታሉ። ከሦስት ቤት ማዶ የሚጣላ ሰው ድምፁ ትንሽ ሆኖ ቢደርሳችሁም "እየጮኸ ነው" የምትሉት ለዚህ ነው። ጆሯችን መጠኑን ብቻ አይለካም፤ ቅርጹንም ያነባል። የተቃጠለው ጊታር ደግሞ ቅርጹ የሚጮህ ሰው ነው።

ስለዚህ ፈተናው ቀላል ነው፤ ድምፁን ቀንሱት። ስፖቲፋይ እንደሁ ሁሉንም ዘፈን ወደ ተቀራራቢ መጠን ያወርደዋል (በእነሱ መለኪያ አሥራ አራት ዲሲብል ከጣሪያው በታች)። ስለዚህ "ከሌላው ዘፈን ጎላ ብዬ ልሰማ" ብሎ በኮምፒውተር የተጨመቀ ፖፕ እዚያ ሲደርስ ትርፉን ይነጠቃል፤ ዝቅ ሲል የሚቀረው ጠፍጣፋ ነገር ነው። ጥሩ የሃርድኮር ቅጂ ግን በሹክሹክታ መጠን ብታጫውቱትም እየጮኸ ነው። እንቅልፍ የያዘው ሰው ላለመቀስቀስ ብዬ ሌሊት ስልኬን ዝቅ አድርጌ ስሰማ ያወቅኩት ነገር ነው። ኃይሉ ያለው ቁልፉ ላይ አይደለም።

*

ይሄ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሞገድ መቁረጥማ ማንም ይቆርጣል፤ ፔዳል ገዝቶ መርገጥ ነው። ታዲያ አንዱ ቅጂ ደረት ላይ ሲቀመጥ ሌላው ራስ ምታት ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ድህነት ነው። "ገንዘብ አልነበራቸውም፣ ጥሩ ስቱዲዮ አልነበራቸውም፣ ስለዚህ ሻካራ ሆነ።" እውነትነት አለው። የዋሽንግተኖቹ ማይነር ትሬት በ1981 የቀዱት ዶን ዚየንታራ የተባለ ሰው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ባቋቋመው ኢነር ኢር ስቱዲዮ ነው። አዎ፣ የብዙዎቻችን አክስቶችና አጎቶች የሚኖሩበት አርሊንግተን። ያሳተመው ዲስኮርድ የባንዱ ልጆች ኢያን መካይና ጄፍ ኔልሰን ያቋቋሙት ኩባንያ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ሽፋን በእጃቸው ነበር አጥፈው የሚያጣብቁት።

ነገር ግን ያንን የመጀመሪያ ሸክላ ስሙት። ስምንት ዘፈን፣ ከዐሥር ደቂቃ በታች። ሻካራ ነው ብላችሁ ስትጠብቁ ንጹሕ ነው! ከበሮው ደረቅና ቅርብ ነው፣ ቤዙ ለብቻው ይሰማል፣ የኢያን መካይ እያንዳንዱ ቃል ይለያል። ኃይሉ የሚመጣው ከትክክለኛነት ነው። አራት ልጆች በሙሉ ፍጥነት ሮጠው አንድ ቅጽበት ላይ አብረው ይቆማሉ፣ አብረው ይነሣሉ። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ፍጥነት ሁሉም ይመኛል፣ በፍጥነት ላይ ሳይሳሳቱ መቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ይሄን ድህነት አይሰጥም። ልምምድ ነው የሚሰጠው።

በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ላይ ብላክ ፍላግ "ዳሜጅድ" የተባለውን አልበም አወጣ። ሄንሪ ሮሊንስ ድምፃዊ፣ ግሬግ ጊን ጊታር። ለኛ ሙያ ሰው የሚጥመው ነገር፣ ጊን ባንዱን ከመመሥረቱ በፊት ገና በልጅነቱ የሬድዮ ዕቃ የሚሸጥ አነስተኛ ንግድ ነበረው፤ በኋላ ታዋቂ የሆነው ኤስ ኤስ ቲ ሬከርድስ ስሙን የወረሰው ከዚያ ነው። "ዳሜጅድ" ግን የመሐንዲስ ንጽሕና የለውም። ጊታሩ ዜማውን እየሳተ ይጎተታል፣ ሁሉ ነገር በላይ በላይ ይከመራል፣ ሮሊንስ ክፍሉ ውስጥ የተቆለፈበት ሰው ይመስላል። መክፈቻው "ራይዝ አበቭ" ላይ አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ በጅምላ ይቀበሉታል። አቀንቃኝና ተቀባይ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ እዚህ ግን ተቀባዮቹ ዜማ የላቸውም፣ በር የሚገፉ ሰዎች ናቸው። ሊያከፋፍለው የነበረው ትልቅ ኩባንያ ኃላፊ ሰምቶ ወላጆችን የሚቃወም ነው ብሎ አልነካም አለ።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ኃይል አለን። ማይነር ትሬት ቢላ ነው፣ ብላክ ፍላግ ጎርፍ ነው። አንዱ ከመቁረጡ፣ ሌላው ከመሙላቱ ያስፈራል። ከዚህ በኋላ የመጣው አብዛኛው ሃርድኮር ከሁለቱ አንዱን ሲኮርጅ ነው የኖረው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

*

ባድ ብሬይንስ ግን ሦስተኛ ነገር አለው። ዝምታ።

አራት ጥቁር ሙዚቀኞች ናቸው፤ ዘፋኙ ኤች አር፣ ወንድሙ ኧርል ሃድሰን ከበሮ፣ ዶክተር ኖው ጊታር፣ ዳሪል ጄኒፈር ቤዝ። ፓንክ ከመጫወታቸው በፊት ማይንድ ፓወር በሚል ስም ጃዝ ፊውዥን ይጫወቱ ነበር። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ፓንኮች የሚጮሁት ሌላ መጫወት ስለማይችሉ ነው ይባላል፤ እነዚህ ግን ሁሉን መጫወት እየቻሉ ይህን መረጡ። ካሴቱን የቀዱት ማንሃታን ውስጥ አቬኑ ኤ ላይ በነበረች 171-ኤ በምትባል ቦታ ነው። ያሳተመው ሮር የተባለ፣ ያኔ ካሴት ብቻ ያወጣ የነበረ ኩባንያ ነው። ሽፋኑ ቢጫ ሆኖ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ሲመታ ያሳያል፤ በዙሪያው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።

አምስተኛው ዘፈን "ባንድ ኢን ዲሲ" ነው። ርዕሱ የከተማው ክለቦች በር ስለዘጉባቸው ነው። በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል፣ መሀል ላይ ይሰበራል፣ እንደገና ይነሣል፣ ያልቃል። ወዲያው ተከትሎ "ጃህ ኮሊንግ" ይመጣል። ሬጌ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ሰፊ፣ በማስተጋባት የተሞላ፣ በመሣሪያ ብቻ። መጀመሪያ ስሰማ ፕሌይሊስቱ ወደ ሌላ ባንድ የዘለለ መስሎኝ ስልኬን አይቻለሁ።

ብዙ ሰው ሬጌዎቹን እንደ ዕረፍት ነው የሚሰማቸው፤ ሻይ ቡና እንደሚባልበት ሰዓት። እኔ አልስማማም። ሬጌው ለጆሮ አዲስ መለኪያ ይሰጠዋል። በሲግናል ቋንቋ፣ ሁሌ አንድ ልክ ላይ ያለ ነገር መረጃ አይሸከምም፤ መረጃ ያለው ለውጡ ላይ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ የሚሮጥ ባንድ ከዐሥረኛው ደቂቃ በኋላ መሮጡ አይታወቅም። ባድ ብሬይንስ ግን ጸጥታውን ካሳያችሁ በኋላ ነው የሚያቃጥሏችሁ። "ሊቪንግ ባቢሎን" ካለቀ በኋላ የሚመጣው ዘፈን ከመጀመሪያው ዘፈን በመጠን አይበልጥም፤ ይበልጣል ብሎ የሚምለው ግን ሰውነታችሁ ነው።

ኤች አር ራሱም እንደዚያው ነው። አንድ መስመር ውስጥ ከጉርምርምታ ተነሥቶ ቀጭን፣ እንደ ክር የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ላይ ይደርሳል። ንዴት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሰለቻል። ደስታ አለበት። "አቲቲዩድ" የሚለው ዘፈን ሐሳቡ የተወሰደው ከናፖሊዮን ሂል ነው፤ አዎ፣ አዲስ አበባ መንገድ ዳር ተዘርግቶ የሚሸጠው "ቲንክ ኤንድ ግሮው ሪች" ደራሲ። እዚህ አገር በቀና አስተሳሰብ ስለመበልጸግ የሚሰብክ ሰው ሁሉ የሚያነሣውን ሰው እነዚህ ልጆች አንሥተው ወደ ሩጫ ቀየሩት።

እንከን የለበትም አልልም። መዝጊያው ላይ ያለውን ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚሄድ ሬጌ ለዓመታት እዘለው ነበር፤ አሁንም በግማሽ ቢያጥር እላለሁ። ከሙዚቃው የሚብስም አለ። ባንዱ በዚያው በ1982 ቴክሳስ በሄደበት ጊዜ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ በሆነ የሌላ ባንድ ዘፋኝ ላይ የወረወረው ጥላቻ በሃርድኮር ታሪክ ውስጥ በደንብ የተመዘገበ ነው፤ ጄኒፈር በኋላ ዘመን ስለ ስህተቱ ተናግሯል። ይህን የማነሣው ለወግ አይደለም። የድምፅ ኃይል የሐሳብ እውነት ማስረጃ እንዳልሆነ ለራሴ ለማስታወስ ነው። ከልቡ የሚጮህ ሰው ከልቡ ሊሳሳት ይችላል። ይሄን ደግሞ በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ እኔ ለእናንተ ላስረዳ አያስፈልግም።

*

ሽፋኑ ላይ ስላሉት ቀለማት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አራቱ ራስ ተፈሪያን ሆነው ነበር። "ጃህ" ሲሉ የሚጠሩት የኛን ንጉሥ ነው። ካሴቱ በወጣበት ጊዜ ያ ንጉሥ ከዙፋኑ ከወረደ ከሰባት ዓመት በላይ፣ ከሞተ ከስድስት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ አዲስ አበባ ደርግ ሥር ሆና በሰዓት እላፊ ትተኛ ነበር። አባቴ ያኔ ወጣት ነው። በስሙ ዋሽንግተን ላይ እየተዘፈነለት ያለውን ሰው እሱ ጮክ ብሎ በደግ ለማንሣት ግራ ቀኙን ማየት ነበረበት።

ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ይህ ግራ ያጋባል። አገርህ የሌላ ሰው ተስፋ ሆና ስትዘፈን ትሰማለህ፤ ያንተ ሰዎች ደግሞ በዚያው ሰሞን ከተስፋይቱ ምድር በሱዳን በረሃ አድርገው "ባቢሎን" ለመግባት ይሮጣሉ። አልሳቅሁባቸውም። የሰው ተስፋ አድራሻ ባይስት ነበር የሚገርመኝ። ብቻ ካሴቱን ስሰማ ሁለቱ ሩጫዎች በአየር ላይ የሚተላለፉ ይመስለኛል።

በሌላ በኩል ግን እኛም ለዚህ ድምፅ እንግዳ አይደለንም። ሽለላና ፉከራ አለና። ፉካሪው ሲነሣ ዜማ አይለካም፤ ጉሮሮው እስኪሻክር ይገፋል፣ ድንገት ይቆማል፣ እንደገና ይወረውራል። ይህን ወደ ሳክስፎን ያመጣው ጌታቸው መኩሪያ ነው። በ1972 ያወጣው ሸክላ ላይ ሳክስፎኑ አይዘፍንም፤ ይሸልላል። ድምፁ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ይንቀጠቀጣል። ስንጥቁን የቀጂው ማሽን አላመጣውም፤ የጌታቸው ከንፈር ነው ያመጣው።

ዘ ኤክስ የተባለው፣ ከ1979 ጀምሮ የሚጫወት የኔዘርላንድ ፓንክ ባንድ ይህን የሰማው በካሴት ነው። በ2002 አገራችንን ዞሮ ተጫወተ፤ በ2004 ጌታቸውን ለሃያ አምስተኛ ዓመት በዓሉ አምስተርዳም ጠራው። ከዚያ በኋላ ጌታቸው ራሱ አጃቢ እንዲሆኑት ጠየቃቸው፤ በ2006 "ሞዓ አንበሳ" ወጣ። ባሕል ከዘመናዊ "ተዋሐደ" የሚለው የተለመደ ወሬ እዚህ አይሠራም። ማንም ማንንም አላለሰለሰም። ጊታሮቹ እንደተቃጠሉ ናቸው፣ ሳክስፎኑም እንደሸለለ ነው፤ አብረው የቆሙት ሁለቱም ከልካቸው በላይ ስለሚገፉ ነው። ቢሮ ያለው ጓደኛዬን ስለ ስፒከሬ እንዳይጨነቅ ያስረዳሁት በኋላ በዚህ አልበም ነው። "እ! ፉከራ ነዋ" አለኝ። በቃ፣ ገባው።

*

አሁን ወደ ጥፋቴ።

አክስቴ በሱዳን በኩል ወጥታ ዋሽንግተን የገባችው በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ትሠራ ነበር። ስልክ ውድ ስለነበር ለአያቴ በካሴት ድምፅዋን እየቀዳች በሰው እጅ ትልክ ነበር። ከእነዚያ ካሴቶች አንዱ ብቻ ቤታችን ተርፎ ነበር። አክስቴ ከአምስት ዓመት በፊት እዚያው ስታርፍ፣ "እኔ ወደ ኮምፒውተር እገለብጠዋለሁ" አልኩ። መሐንዲስ ነኝ አይደል።

ገለበጥኩት። ከዚያ አጸዳሁት። የካሴቱን ሽሽታ አነሣሁ፣ ከኋላ የሚጎርሰውን የማቀዝቀዣ ድምፅ አጠፋሁ፣ መቅጃውን አፏ ላይ አስጠግታ "እማዬ!" ስትል የተቆረጠውን ሞገድ በሶፍትዌር ጠገንኩት። ዲስኬ ሞልቶ ስለነበር ያልጸዳውን ፋይል አጠፋሁ። ከዚያ ለአባዬ አሰማሁት። እስከ መጨረሻው ሰማና፣ "ጥሩ ነው ልጄ" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ "ግን እዚህ ላይ አልቅሳ ነበር እኮ። አሁን የምታወራ ነው የምትመስለው" አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። ያ ስንጥቅ የማሽኑ ጉድለት አልነበረም። አክስቴ ምን ያህል ተጠግታ፣ ምን ያህል ገፍታ እንደተናገረች የሚናገረው ብቸኛው ልኬት እሱ ነበር። እቃው የቻለው ልክ ይታወቃል፤ እሷ ከልኩ አለፈች። ልዩነቱን ነው "ኖይዝ" ብዬ ያጠፋሁት። ባድ ብሬይንስ ካሴት ላይ ተቃጥሎ የምሰማውም ይኸው ነው፤ ሰው ከያዘው ዕቃ ሲበልጥ የሚቀር ምልክት።

ልመልሰው ብዬ ካሴቱን እንደገና አስገባሁት። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ቴፑ ክሩን በላው። ሠላሳ ደቂቃ ከነበረው የተረፈው ሰባት ደቂቃ ነው፤ "እማዬ!" የምትልበት እዚያ ውስጥ ይኑር አይኑር ስፈራ ስቸር አዳመጥኩ። አለ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ነው። አባዬ ሲሰማው ምንም አላለም፤ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋና "እንደገና" አለኝ።

ፋይሉን ሦስት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። ሽሽታው አለ፣ ማቀዝቀዣው ይጎርሳል፣ አራተኛው ደቂቃ ላይ ቀዩ ይበራል። አልነካሁትም።